የኮሌጁ ኮከብ ስንት ዓመት ይጠብቅ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቅርጫት ኳስ ነው፤ ኳስ የማይስባችሁ ሰዎች ግን ቶሎ አትዝጉት፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እናቶች ጋ ይደርሳል።

ጥያቄው ይኼ ነው። አንድ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ በአንድ ዓመት ስሙ ገነነ፤ ኤንቢኤ፣ ትልቁ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ይፈልገዋል፤ ዕድሜው 19 ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ይሂድ ወይስ ዲግሪውን እስኪይዝ ይቆይ? እኔ መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ እውነተኛ ኮከብ ከሆነ ይሂድ። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እዚህ ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከተነሳ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ መነሳቱ አይቀርም፤ ጆርጅታውን ከተባለ ደግሞ ጆን ቶምፕሰን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ቶምፕሰን ቡድኑን በ1972 ተረክቦ በ1984 የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ግዙፍ ሰውዬ ነበር፣ ነጭ ፎጣ ከትከሻው አይወርድም። ቢሮው ውስጥ ደግሞ አየሯ የወጣ ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ለሚገባው ተጫዋች ሁሉ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ይቺ ኳስ አንድ ቀን መተንፈሷ አይቀርም፣ ያኔ በእጅህ ምን ይኖራል? አራት ዓመት አብረውት ከቆዩት ተጫዋቾች 97 ከመቶው ተመርቀዋል።

የዚህ ቤት ትልቁ ልጅ ፓትሪክ ዩዊንግ ነው። የተወለደው ጃማይካ ነው። እናቱ ዶሮቲ ቀድመው አሜሪካ መጡ፣ ቦስተን ውስጥ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠሩ፣ ልጆቻቸውን ኋላ አስመጡ። ፓትሪክ ሲደርስ 12 ዓመቱ ነበር። ይኼን ታሪክ ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልግም መሰለኝ፤ ስንቱ ቤት ያለ ታሪክ ነው። እናትየው የሚፈልጉት ልጃቸው ኮሌጅ ሲጨርስ ማየት ነበር። በ1983 ሞቱ፣ አላዩም። ፓትሪክ ከዚያ በኋላ ሁለት የውድድር ዘመን ቆየ። ኤንቢኤ በሩን ከፍቶ እየጠበቀው በ1985 ተመረቀ፣ በዚያው ዓመት በኤንቢኤ ምርጫ (ቡድኖቹ በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ፣ በዙር በዙር የሚወስዱበት ነው) አንደኛ ተመርጦ ኒውዮርክ ገባ።

ይኼ ታሪክ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ግን ሰው ምከር ብትሉኝ በዚህ አልመክርም። ዩዊንግ በእነዚያ ዓመታት ጉልበቱ ቢበጠስ ኖሮ ታሪኩን ማን ይተርክልን ነበር? ቃሉን የጠበቀው ከኪሱ ከፍሎ ነው፣ አካሉን አስይዞ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጫማው ኩባንያ በእሱ ስም ሲነግዱ፣ ለእሱ በሕግ የተፈቀደለት ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው የቶምፕሰን ልጅ እንሂድ፣ ወደ አለን አይቨርሰን። ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ያደገ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በአንድ ጠብ ምክንያት ታስሮ፣ ሌላው ኮሌጅ ሁሉ ሲሸሸው፣ እናቱ ቶምፕሰን ዘንድ ሄደው ልጄን ተቀበልልኝ ብለው ለመኑ። ተቀበለው። ፍርዱም ኋላ በማስረጃ ጉድለት ተሰረዘ። አይቨርሰን ሁለት ዓመት ተጫወተና በ1996 ልሂድ አለ። ቤተሰቡ ችግር ላይ ነበር፣ ታናሽ እኅቱ ታምማ ነበር። በቶምፕሰን ዘመን ሳይጨርስ ወደ ኤንቢኤ የወጣ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። በአንደኛ ምርጫ ፊላደልፊያ ወሰደው፣ በ2001 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

አያችሁ፣ የሁለቱም እናቶች ለልጆቻቸው ጥሩውን ነው የተመኙት። አንደኛዋ ምረቃውን አሉ፣ የሌላኛዋ ቤት ግን ምረቃ እስኪደርስ የሚጠብቅ ቤት አልነበረም። አይቨርሰንን ቸኮለ የሚለውን ሰው አልሰማውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው መጀመሪያ የሚፈስ ነገር ላለው ነው።

ደግሞ ይኼ መብት ራሱ ከሰማይ አልወረደም። ድሮ ኤንቢኤ አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አራት ዓመት ሳይሞላው አይቀበለውም ነበር። ይኼን የሰበረው ስፔንሰር ሄይዉድ ነው፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ እየለቀመ ያደገ፣ በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣ ልጅ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 ሰባት ለሁለት ተፈረደለት። እንግዲህ ኮቢ ብራያንትና ሌብሮን ጄምስ በኋላ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የገቡት እሱ በከፈተው መንገድ ነው። ከ2006 ምርጫ ወዲህ ደግሞ በሩ ገርበብ አለ፤ 19 ዓመት መሙላትና ከሁለተኛ ደረጃ አንድ ዓመት መራቅ ግዴታ ሆነ። በዚህ ምክንያት ነው ስንቱ ልጅ ለአንድ ዓመት ብቻ ኮሌጅ ደርሶ የሚመለሰው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንድ ዓመት ብትቆይ የምታጣው የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ደመወዙ በተመረጠበት ተራ የተወሰነ ነው። በ2024 አንደኛ የወጣው ለመጀመሪያው ዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፣ 30ኛው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ግድም። ውሉ እስከ አራት ዓመት ይዘልቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋስትና አላቸው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ውል ነው። በ19 ዓመቱ የገባ ልጅ ሁለተኛውን ውል በ23 ይፈርማል፣ ሦስተኛውንም ገና ጉልበቱ ሳይከዳው ይደርስበታል። በ22 የገባው ሁለተኛውን ሲፈርም 26 ሞልቶታል። ስለዚህ በኮሌጅ የቆየው ዓመት የሚቀነሰው ከመጨረሻው ነው፣ ከውዱ ዓመት።

አካሉንም አትርሱ። ግሬግ ኦደን ከኦሃዮ ስቴት በአንድ ዓመት ወጥቶ በ2007 አንደኛ ተመረጠ፣ ኋላ ታላቅ ኮከብ ከሆነው ከኬቪን ዱራንት ቀድሞ ማለት ነው። አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ገባ። በኤንቢኤ ዘመኑ በሙሉ የተጫወተው 105 ጨዋታ ነው። ሰዎች የዚህን ልጅ ስም የሚጠሩት ለማሾፍ ነው፣ ያናድደኛል። ያ ጉልበት ኮሌጅ እያለ ቢታመም ኖሮ ምን ይዞ ይቀር ነበር? በጊዜ በመውጣቱ ቢያንስ ውሉን ፈርሞ ነው የተጎዳው። ኋላም ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በ2019 ተመረቀ።

ዲግሪ ይጠብቃል፣ ጉልበት ግን አይጠብቅም። ማይክል ጆርዳን በ1984 ከሦስተኛ ዓመት ወጥቶ፣ እየተመለሰ ተምሮ ጨረሰ። የቪንስ ካርተር ደግሞ ጉድ ነው። እሱም ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በሦስት ዓመት ወጣ፣ እጨርሳለሁ ብሎ ለእናቱ ቃል ገብቶ። የምረቃው ቀን በግንቦት 2001 ደረሰ፣ ግን ያው ዕለት ማታ ቡድኑ ቶሮንቶ ከፊላደልፊያ ጋር ማን እንደሚያልፍ የሚለይበትን ሰባተኛውን ጨዋታ ይጫወታል። ጠዋት ካባውን ለብሶ ተመረቀ፣ በአውሮፕላን ፊላደልፊያ ደረሰ፣ ማታ የመጨረሻዋን ኳስ ወርውሮ ሳተ። 88 ለ87 ተሸነፉ። ስንቱ ሰው በዚያ ምረቃ ምክንያት ሰደበው! በዚያኛው ወገን ይጫወት የነበረው ማን እንደሆነ ደግሞ ገምቱ። አይቨርሰን።

እሺ፣ አሁን ሒሳቡ ተለውጧል የሚለኝ ሰው አለ፣ ልክ ነው። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ለውጡን ለማየት ምርጫው ውስጥ ለመግባት ጊዜያቸው ሳይደርስ ስማቸውን ያስመዘገቡትን መቁጠር ይበቃል፤ በ2021 353 ነበሩ፣ በ2025 106 ብቻ። ለመካከለኛው ተጫዋች፣ ምናልባት በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ይመረጣል ለሚባለው፣ መቆየት አሁን አዋጭ ሆኗል። ኤንቢኤ ተጫዋች በሚያሳድግበት በትንሹ ሊግ በዓመት 40 ሺህ ምናምን ዶላር እየተከፈለው ከከተማ ከተማ ከሚንከራተት፣ እየተማረ የተሻለ ቢያገኝ ምን ከፋው? ለኮከቡ ግን ከላይ ያልኩት ሒሳብ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ሰው በተለይ ልንገር። ይኼ በስምና በምስል የሚገኝ ገንዘብ በተማሪ ቪዛ ላለ ልጅ ይከብዳል፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሠራህ ሊባል ይችላልና። ኮንጎ የተወለደው ኦስካር ቺብዌ በ2022 ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ፣ ቡድኑ ለጨዋታ ከአሜሪካ ውጭ፣ ባሃማስ ሲሄድ ነው ማስታወቂያውን የሠራው። አንድ ዓመት ጨምሮ ቆየ፣ በ2023 ምርጫ ግን ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ካናዳዊው ዛክ ኢዲ ደግሞ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ቆይቶ በ2024 ዘጠነኛ ተመረጠ። ያው ቪዛ፣ ያው መጠበቅ፣ ውጤቱ ለየቅል። ከአገር ቤት ረጅም ልጅ ለማስመጣት ከአሠልጣኝ ጋር የምትነጋገሩ ካላችሁ፣ ከሕግ ባለሙያ ጋርም ተነጋገሩ።

እኅቴ ይኼን ፕሮግራም ትሰማለች፣ ስለዚህ ልጠንቀቅ። ልጇ 16 ዓመቱ ነው፣ ይጫወታል፣ ቁመቱም አይጠላም። «እኔ ልጄ ሳይመረቅ የትም አይሄድም» ስትል ሰማኋት። እታለም፣ መጀመሪያ አንድ ኮሌጅ ይጥራውና ከዚያ እንጣላለን። በነገራችን ላይ ኤንቢኤ ራሱ ልጁ በየትኛው ዙር ሊመረጥ እንደሚችል አስቀድሞ የሚገምት ኮሚቴ አለው፤ ያ ቀን ከመጣ ከአጎቱ ይልቅ እነሱን ስሟቸው።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ።