በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም፦ ስለ መኪና ቁልፍና ኢሞቢላይዘር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደወሉ አድማጮች ላነሷቸው ጥያቄዎች የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ባለሙያው የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ጥያቄ (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)፦ ያገለገለ ቪትዝ ከአንድ ቁልፍ ጋር ገዛሁ። ትርፍ ቁልፍ ባስቀርጽም በሩን ይከፍታል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። አንድ ጋራዥ «ኢሞቢላይዘሩን አጥፍተን እንገላግልህ» አለኝ። ላስጠፋው?

መልስ፦ አያስጠፉት። ኢሞቢላይዘር መኪናው የማያውቀው ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሣ የሚከለክል የሌባ መከላከያ ነው። ቁልፍ ቀራጩ የሠራልዎ ብረቱን ብቻ ነው። በዋናው ቁልፍ የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቺፕ ተቀብሯል። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ቁልፉ ኮንታክት ውስጥ ገብቶ ሲዞር በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 125 ኪሎ ኸርዝ በሆነ ሞገድ ኃይል ይሰጠዋል፤ ቺፑም በዚያችው ኃይል ነቅቶ ማንነቱን ይናገራል። በተሻሻሉት መኪኖች ኮምፒውተሩ በየጊዜው የተለየ ቁጥር ይልክና ቺፑ በውስጡ ባለው ምስጢር አስልቶ እንዲመልስ ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ የትናንቱን መልስ ቀድቶ የያዘ ሰው ዛሬ አይጠቀምበትም። መልሱ ካልተስማማ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ይከለክላል። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሣው፣ ወይም በአንዳንድ መኪኖች ለአንድ ሁለት ሰከንድ ተነሥቶ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ በከንቱ የሚያስቀይር ሰው ብዙ ነው። እርስዎ ግን ዋናውን ቁልፍ ከአዲሱ እጀታ ጋር አጣብቀው ይያዙና በአዲሱ ያዙሩ፤ ሞተሩ ከተነሣ የጎደለው ቺፑ ብቻ ነው።

ማጥፋቱን በተመለከተ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 ከተሸጡት የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች በተራ ቁልፍ የሚነሡት ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። የአሰራረቁ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ወጣቶች የመሪውን ሥር ሽፋን ሰብረው፣ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ኮንታክቱን እያዞሩ ይወስዷቸው ጀመር። ጋራዡ የሚያቀርብልዎ መኪናዎን ወደዚያ ሁኔታ ማውረድ ነው። ዋናው ቁልፍ በእጅዎ ሳለ ባለ ቺፕ ቁልፍ ገዝተው በኮምፒውተር ያስመዝግቡ፤ ያችን አንዷን ከጣሉ በኋላ ሥራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ነው። መኪናው ያገለገለ በመሆኑ ቀድሞ የተመዘገቡና እርስዎ የማያውቋቸው ቁልፎች ካሉ በዚያው እንዲሰረዙ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ከጀልባ ስወርድ የፑሽ ስታርት መኪናዬ ቁልፍ ጣና ውስጥ ወደቀብኝ። ባወጣውም አይሠራም።

መልስ፦ መጫኛዎቹን ደጋግመው አይጫኑ። ክዳኑን ከፍተው ባትሪውን ያውጡ፣ ጥላ ሥር በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ አዲስ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ያስገቡለት። እስከዚያው ቁልፉ ውስጥ የተሸጎጠችውን ቀጭን ብረት ስበው በሩን ይክፈቱ፤ ፍሬን ረግጠው ቁልፉን ራሱን ከስታርት መጫኛው ጋር ያስነኩና ይጫኑ። ያለ ባትሪ የሚሠራው ቺፕ እዚህም ውስጥ ስላለ ውኃው ካላበላሸው ሞተሩ ይነሣል። ቁልፉ የሚጠጋበት ቦታ በአንዳንድ መኪኖች የተለየ ነውና የመኪናውን መመሪያ ይመልከቱ።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ ቁልፉ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ እያለ ሌባ መኪናዬን አስነሥቶ ሊሄድ ይችላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቁልፉ ከኪስ ሳይወጣ በሚከፈቱና በመጫኛ በሚነሡ፣ ማለትም ባለ ስማርት ቁልፍ መኪኖች ላይ እውነት ነው። የበሩን እጀታ ሲነኩ መኪናው ከአንድ ሁለት ሜትር በማያልፍ ዝቅተኛ ሞገድ ቁልፉን ይጣራል፤ ቁልፉም በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ ይመልሳል። መኪናው የቁልፉን ርቀት አይለካም፤ ጥሪዬን ከሰማ ቅርብ ነው ብሎ ይገምታል እንጂ። ሁለት ሌቦች አንዱ መኪናው አጠገብ፣ ሌላው መስኮትዎ ሥር ሆነው ጥሪውን በመሣሪያ ካስተላለፉት ቁልፉ ተታሎ ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል። ምስጢሩ ስላልተሰበረ በየጊዜው የተለየ ቁጥር መላኩ እዚህ አይረዳም። በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ8 ፋብሪካዎችን 10 የመኪና ሞዴሎች በዚህ ዘዴ ፈትሸው ሁሉም ተታለዋል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የሞገዱን የጉዞ ጊዜ ይለካሉ፤ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መዘግየቱ ሌባውን ያጋልጠዋል።

የእርስዎ መኪና ይህ ከሌለው ቁልፉን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጡ። ጣሳውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው እጀታውን ይሳቡ፤ ከተከፈተ ሌላ ጣሳ ይፈልጉ። በብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎች የመቆለፊያውን መጫኛ እንደያዙ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ቢጫኑ ቁልፉ ለጥሪ መመለስ ያቆማል፤ ማናቸውንም መጫኛ ሲነኩ ደግሞ ይነቃል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ባለቤቴን አውሮፕላን ማረፊያ አድርሼ ስመለስ ቁልፉ በእሱ ኪስ ቀርቶ ነበር። መኪናው እየጮኸም ቢሆን ቤት አደረሰኝ፤ ካጠፋሁት በኋላ ግን አልነሣ አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የቁልፉ ባትሪ መንገድ ላይ ቢያልቅ ሞተሩ ይጥፋ ማለት መሪና ፍሬን በከበዱበት መኪና አደጋ መጋበዝ ስለሆነ ፋብሪካዎች ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያሰማሉ። የጎርጎራው ጠያቂ የጠቀሱት ሌባም አንዴ ካስነሣ በኋላ ሳያጠፋ የሚነዳው ይህንን ስለሚያውቅ ነው። ጩኸቱን ሲሰሙ ሞተሩን ሳያጠፉ ተመልሰው ቁልፉን ይቀበሉ፤ አውሮፕላኑ ከተነሣ ደግሞ ትርፍ ቁልፍ ያለበት ቤት እስኪደርሱ አያጥፉት።