የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ክንድ ላይ የቀረችው ጠባሳ

ከሳቢያን የደወሉ እናት፦ «ልጄ እንደተወለደች ክንዷ ላይ የቲቢ ክትባት ተወግታለች። ጎረቤቴ ‹ለሌላ በሽታም ይጠቅማል› አለችኝ። እውነት ነው ወይስ የሰፈር ወሬ?»

እህቴ፣ ጎረቤትዎ የነገረችዎ ነገር መሠረት አለው።

ሰውነታችን ሁለት ዓይነት መከላከያ አለው። አንዱ ይዘነው የምንወለደው ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ጀርም አይመርጥም። ሌላው ቀስ ብሎ ይማራል። ለእያንዳንዱ ጀርም ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፣ ለዓመታትም ያስታውሰዋል። ያ የመጀመሪያው ግን ምንም አያስታውስም ይባል ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ ተመራማሪው ሚሃይ ኔቲያና ባልደረቦቹ ይህ የመጀመሪያውም ያስታውሳል ብለው «የሠለጠነ መከላከያ» የሚል ስም አወጡለት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቢሲጂ የሚባለውን ይህንኑ የቲቢ ክትባት የተከተቡ አዋቂዎችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከቲቢ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ጀርም ሲቀርብላቸውም ከበፊቱ ጠንክረው ተነሱ። ከሦስት ወር በኋላም እንደዚያው።

በ1998 ዓ.ም. እዚህ ድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ዛሬም ተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። ድምፅ ከየትም ይምጣ፣ ጆሮው ቆሟል።

ሞኖሳይት ደም ውስጥ የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው። ታዲያ ትውስታው እንዴት ወራት ይዘልቃል? ምክንያቱም የሚሠለጥኑት መቅኔ ውስጥ ያሉት እናት ሴሎችም ጭምር ናቸው። ዘረመሉ ራሱ አይቀየርም፤ የሚለወጠው አጠቀላለሉ ነው። የቀፊራ ገበያ ጨርቅ ሻጭ አንዴ የዘረጋውን ጥቅል መልሶ ሲያስቀምጠው ላላ ብሎ ይቀራል። ለሚቀጥለው ደንበኛ በአንድ እጁ ይስበዋል። ጀርም መዋጊያ የሆኑት ዘረመሎችም እንዲሁ ላላ ብለው ይጠብቃሉ።

በጊኒ ቢሳው ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ቢሲጂን እንደተወለዱ ሲከተቡ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ቀንሰዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር «ነገ እናስከትባታለን» የሚል ወላጅ ያሳስበኛል። ዛሬውኑ አስከትቡ! ግን ቢሲጂ የሁሉም መድኃኒት አይደለም። ጤና ባለሙያዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ትልቅ ጥናት ከኮቪድ አልጠበቃቸውም። ስለዚህ ሌሎቹ ክትባቶች አይቅሩባት።

ከመጋላ የደወሉ ወንድማችን፦ «ደንጊ ይዞኝ ድኛለሁ። አሁን ሰውነቴ ሠልጥኗል ማለት ነው?»

አይደለም፣ በዚህ እንዳይዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን ያመሳት፣ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ አለው። አንዱ የያዘው ሰው ከዚያው ዓይነት ይጠበቃል። በሌላኛው ዓይነት ሲያዝ ግን ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ይህ የሁለተኛው፣ ቀስ ብሎ የሚማረው መከላከያ ጣጣ ነው። የድሮው ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን ቫይረስ ይይዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ እንዲያውም ወደ ሴሉ እንዲገባ ያግዘዋል። በርሜልና ጀሪካኑን ይክደኑ። ትንኟ የምትናከሰው በቀን ነው፣ ማታ አጎበር ዘርግቼ ተኝቻለሁ ብለው አይተማመኑ።

ከሐረር የደወለ ተማሪ፦ «ይህ ትውስታ ጉዳት የለውም?»

አለው፣ ጥሩ ጠየቅክ። የሠለጠነ ሴል ጀርም በሌለበትም ሊቆጣ ይችላል። የደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ሲጋገር ይህ ቁጣ ነገሩን ያባብሰዋል። በአንድ ሙከራ አይጦች ለአራት ሳምንት ስብና ስኳር የበዛበት ምግብ ተመግበው ወደ ጤናማው ተመለሱ። ደማቸው ውስጥ የታየው ብግነት በረደ። መቅኔያቸው ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን እንደተቆጡ ቆዩ።