የእናቴ ቡና መቁያ፣ ነጩ ጭስ እና ቆርቆሮው ላይ ያለው ቀዳዳ

እሱ፦ ሃርካ ፉኔ ጅማዎች! ሌሎቻችሁም ባላችሁበት ሰላም ናችሁ? ዛሬ ከድምፃችን ጀርባ ጠጠጠጠ የሚል ነገር ከሰማችሁ ዝናብ ነው፣ ከቆርቆሮ ስር ነው የምንቀዳው፣ ጊቢዬ ውስጥ ያለችው ወርክሾፕ።

እሷ፦ አልፎ አልፎ ጠብ የሚል ነገርም ትሰማላችሁ፣ እሱን በኋላ እናወራዋለን፣ የራሱ ታሪክ አለው።

እሱ፦ አለው። እሺ፣ ዛሬ የቡና መቁያው ነው። እናቴ የእጇን አንጓ ያማታል፣ ምጣድ ላይ ቡና እያገላበጠች መቁላት ከበዳት፣ ግን ሰው ይቁላልኝ አትልም፣ ጅማ ተወልዳ ቡናዋን ሌላ ሰው ሊቆላላት አትፈልግም። ስለዚህ ከሰል ላይ ራሱ የሚዞር ከበሮ ልስራላት ብዬ ተነሳሁ። ሞተሩ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፣ 12 ቮልት፣ በትንሹ ፍጥነት በደቂቃ 45 ዙር አካባቢ ይዞራል፣ ውስጡ ጥርስ ስላለው ጉልበት አለው፣ ለዚህ ስራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

እሷ፦ ሞተሩ ጋ ችግር አልነበረም። ከበሮው ነው።

እሱ፦ ከበሮው። ቤት ውስጥ የጋልቫናይዝድ ላሜራ ትራፊ ነበረኝ፣ አበባ አበባ ያለው የሚያብለጨልጨው፣ ውጪ ደግሞ ዝናቡ አይጣል ነው፣ "ይሄው አለ፣ ምን አስወጣኝ" ብዬ ቆረጥኩት፣ ዝናቡ እንዳይገባ በሩንም ዘጋሁት፣ እና መበየድ ጀመርኩ። ኤሌክትሮዱ፣ የብየዳው ዘንግ ማለት ነው፣ ገና ሲነካው ወፍራም ነጭ ጭስ ወጣ፣ እሳቱ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታይበታል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ጥጥ ብናኝ፣ እንደ ሸረሪት ድር ነገር አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሞርሳው፣ ብረት መያዣው ላይ ያርፋል፣ ክንዴ ላይ ያርፋል። እኔ ስራው ይዞኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀጠልኩ።

እሷ፦ ማታ ደወለልኝ፣ ጥርሱ ሲጋጭ በስልክ ይሰማኛል።

እሱ፦ አፌ ሳንቲም የላስኩ ይመስላል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ወዲያው ላብ፣ መገጣጠሚያዬ ሁሉ ቁርጥማት። ወባ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ እዚህ ሰው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚመጣለት ወባ ነው።

እሷ፦ እኔም ቀን ምን ስትሰራ ዋልክ ባልለው ኖሮ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋልቫናይዝድ ማለት ብረት ላይ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ብረቱ ግን ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንተ ብረቱን ልታቀልጥ ስትሞክር ዚንኩ ቀድሞ ተንኖ ካየር ጋር ተቀላቅሎ ያ ነጩ ብናኝ ይሆናል፣ እሱን ነው ስትስበው የዋልከው። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ግን ደረት ከከበደ፣ ትንፋሽ ካጠረ ቤት መቀመጥ የለም፣ በተለይ የተቀባው ነገር ካድሚየም ከነበረ ሰው ይገድላል፣ ብሎኖች ላይ አንዳንዴ አለ፣ በአይን ደግሞ ከዚንክ መለየት ከባድ ነው።

እሱ፦ ጎረቤታችን ወተት ይዘው መጡ፣ ብየዳ የነካው ሰው ወተት ይጠጣ ብለው።

እሷ፦ ወተቱን ለፍቅራቸው ብለህ ጠጣው፣ ደግ አደረጉ። ግን ጭሱ የገባው ሳንባ ነው፣ ወተት የሚወርደው ሆድ ነው። ወተት አለ ብሎ በሩን ዘግቶ የሚበይድ ሰው አውቃለሁ፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

እሱ፦ ደግሞ አስቢው፣ ስራው ቢያምርልኝ ኖሮስ? እናቴ ዚንክ ላይ ቡና ልትቆላ ነበር እኮ! ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከበሮውን አወጣሁት፣ አሁን የዶሮ ቤት ጣራ ነው።

እሷ፦ ከዛ ጥቁር ላሜራ ገዛን፣ ዚንክ ያልተቀባውን፣ 1.5 ሚሊ። ቱቦ ላይ ጠቀለልነው፣ እሱ ጥሩ ወጣ፣ ስፌቱ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ባንድ ትንፋሽ በየድከው።

እሱ፦ እንደ ሙዝ ጎበጠ። ሙቀቱ ባንድ በኩል ብቻ ሲሄድ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደዛው ይሰበሰባል፣ አውቀዋለሁ፣ ግን እጄ ከሄደ ማቆም ያቅተኛል። ሁለተኛውን እሷ ናት የያዘችው፣ በየአምስት ሴንቲሜትሩ ነጥብ ነጥብ፣ አንዴ ከዚህ ዳር፣ አንዴ ከዛኛው ዳር፣ አንዴ ከመሀል፣ በየመሀሉ እጅ እስኪያስነካ መጠበቅ፣ በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ 50 አምፔር አካባቢ።

እሷ፦ ከሰዓት ላይ ጀምረን ነው። ማታ ብንሆን ኖሮ አይሆንም ነበር፣ ሰፈሩ እንጀራ ሲጋግር መብራቱ ይወርዳል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፣ ሦስት አራት ቤት ባንዴ ሲጥድ የኛ ኤሌክትሮድ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ትነቅለዋለህ፣ ይጣበቃል፣ ትነቅለዋለህ፣ ይጣበቃል።

እሱ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ጠብታው።

እሷ፦ ንገራቸው።

እሱ፦ የከበሮውን ክዳን ስቆርጥ የግራይንደሬ፣ የብረት መቁረጫዬ፣ ዲስክ አለቀ። ግራይንደሬ ትንሿ ናት፣ ባለ 115 ሚሊ ዲስክ። መደርደሪያ ላይ የ180 ዲስክ አለ፣ የመሀል ቀዳዳው ያው ነው፣ 22 ሚሊ፣ ቁጭ ይላል። ከለላው ግን አላስገባ አለኝ፣ ፈታሁት። አንድ ቁራጭ ነው የቀረኝ፣ አንድ ደቂቃ ነው አልኩ።

እሷ፦ ቅድም ላሜራው ላይ ያልከው ቃል እኮ ነው፣ "ይሄው አለ፣ ምን አስወጣኝ"።

እሱ፦ አዎ፣ ራሱ ነው። ሂሳቡን በኋላ ቁጭ ብዬ ሰራሁት። 180ው ዲስክ በደቂቃ ከ8,500 ዙር ብዙም የማያልፍ ነው፣ ላዩ ላይ ተፅፏል፣ ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር እንዲሄድ ነው የተሰራው። የኔ ማሽን 11,000 ነው የሚዞረው። ጠርዙ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው፣ በሰዓት 370 ኪሎሜትር አካባቢ! ብረቱን ገና ሲነካ ጠብቆ ያዘው፣ ከዛ ጯ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የማስታውሰው። ግማሽ ዲስክ እጄ ላይ ባለው ማሽን ቀረ፣ ግማሹ በግራ ጆሮዬ በኩል አልፎ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ።

እሷ፦ በማግስቱ ቀዳዳው ስር አቆምኩትና ለካሁት። ከጆሮው እስከ መስመሩ አንድ መዳፍ አይሞላም። ያን ቀን እዚሁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

እሱ፦ ቀዳዳውን ድፈነው ይሉኛል፣ እስካሁን አልደፈንኩትም። ስሩ ጣሳ አድርጌያለሁ። የምትሰሙት ጠብታ እሱ ነው።

እሷ፦ ከለላውም ተመልሷል፣ ደግሞ እንዳይፈታ ቁልፉን እኔ ወስጃለሁ። በል ቅዳሜን ንገራቸው።

እሱ፦ ቅዳሜ! ጥቁር ላሜራ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይት አለበት፣ ስለዚህ ከበሮውን መጀመሪያ ባዶውን ከሰል ላይ አዞርነው ጭሱ እስኪያልቅ፣ ከዛ ሁለት ዙር የተሰባበረ ቡና ቆልተን ደፋን። ኩሽኔቶቹን ከእሳቱ ራቅ አድርገን ነው ያሰርነው፣ ግሪሱ ቀልጦ ቡናው ላይ እንዳይንጠባጠብ። ሦስተኛው ዙር የእናቴ ነው። ራሷ ማብሪያውን ነካች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠችው፣ ቡናው ጣ ጣ ማለት ሲጀምር እኛ ሰዓት እናያለን፣ እሷ በጠረኑ "ትንሽ ቆዩ፣ ትንሽ... አሁን አውርዱ" አለች። ከበሮውን ስንገለብጠው ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ያረረ የለበትም። አንዱን ፍሬ በጥፍሯ ሰነጠቀችና ውስጡን አየችው፣ ምንም ሳትል ረከቦቱን አውጡ አለች።

እሷ፦ አቦሉን የጠጣሁበት ስሜት አሁንም አለ።

እሱ፦ አሁን ማቀዝቀዣ ትሪ ትፈልጋለች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከስር አየር የሚያስገባ። በ3 ሚሊ ፑንታ፣ በመብሻው፣ 400 ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ።

እሷ፦ ነገ ወደ አጂፕ ሰፈር እወርዳለሁ፣ ፑንታውን እኔ ልያዝ። ሌላስ?

እሱ፦ ባለ 115 ዲስክ፣ አምስት። መሀሉ ያለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ተፅፏል፣ ያለፈበት እንዳይሆን አይተሽ ግዢ።

እሷ፦ አያለሁ። ጣሳው ሞልቷል፣ ድፋው።