የድሮ የብረት ሳንቲም ማጠራቀሚያ፦ ኦሪጅናል ወይስ ፎርጅድ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ጎረቤቶቼ ቤት ሲለቁ ወንበር ላይ የተቀመጠ የወፍራም ሰውዬ ቅርጽ ያለው የብረት ሳንቲም ማጠራቀሚያ በ60 ዶላር ገዛሁ። መዳፉ ላይ ሳንቲም ሲያኖሩለት ኪሱ ከትቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ እጅ ይነሣል። «ከመቶ ዓመት በላይ ነው» አሉኝ። በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ቅርጽ «ታማኒ» ይባላል። ያወጣው በኮኔቲከት፣ ክሮምዌል ከተማ የነበረው የጄ እና ኢ ስቲቨንስ ፋብሪካ ሲሆን ፓተንቱ እ.ኤ.አ. የ1873 ነው። ሰውዬው የኒውዮርኩን የፖለቲካ ድርጅት ታማኒ ሆልን ይወክላል። አለቃው ዊልያም ትዊድ በዚያው ዓመት በሙስና ተፈርዶበታል፤ ሳንቲሙ ኪስ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ለማጣራት ከመጠኑ ይጀምሩ። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ኦሪጅናሉን አሸዋ ውስጥ ተጭኖ ቅርጹን ይወስድና የቀለጠ ብረት ያፈስበታል። ብረት ሲቀዘቅዝ አንድ በመቶ ያህል ስለሚኮማተር ቅጂው ከእናቱ ያንሳል። በ15 ሳንቲሜትር ላይ ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በዓይን አይያዝም። ሰብሳቢዎች ግን ዕቃውን ወረቀት ላይ አቁመው የሥሩን ዙሪያ በቀጭን እርሳስ ይስሉና ከታወቀ ኦሪጅናል ንድፍ ጋር ያስተያዩታል። እኔ ይህን ሳላደርግ ትልቅ ገንዘብ አልከፍልም።

ከዚያ በጣትዎ ይዳብሱት። የድሮዎቹ በደቃቅ አሸዋ ስለሚያፈሱ ገጹ ለስላሳ ነው፣ መጋጠሚያውም ጥብቅ። ቅጂው ሽፍታ እንዳለበት ቆዳ ይሻክራል፣ የዕቃው ሁለት ግማሾችም በደንብ አይገጥሙም። መስቀለኛ ጭንቅላት ያለው ብሎን ካዩ ይጠንቀቁ፤ እሱ ገበያ የገባው በ1930ዎቹ ነው፣ ቢያንስ ዕቃው አንዴ ተፈትቷል ማለት ነው። የመዳፉን ቀለም በማጉያ መነጽር ይዩት፦ ሳንቲም ሲያርፍበት የኖረ መዳፍ መሐሉ ተልጦ ብረቱ ጠቁሮ ይታያል። እጅ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ እኩል ተልጦ ከሆነ ሆን ተብሎ የተፈገፈገ ነው። የቆየ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ደማቅ ብርቱካናማው አዲስ ነው።

በ1950ዎቹ በግልጽ ቅጂ ተብለው የተሸጡም ነበሩ፣ ከታች በኩል ተጽፎባቸው። አጭበርባሪ ያንን ጽሑፍ በሞረድ ይፍቀዋል። ሥሩ ላይ የተሞረደ ቦታ ካገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ የድሮ የብረት ማጠራቀሚያዬ ቀለሙ ረግፏል። ዝገቱን ፍቄ አዲስ ልቀባው?

መልስ፦ እባክዎን አይንኩት! ዋጋው ያለው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ፈግፍገው ብዙ ሺህ ዶላር ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት እንዳይደርሱበት።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ጥቁር ሰውን አስቀያሚ አድርጎ የሚያሳይ ማጠራቀሚያ አየሁ። ልጄ «ይሄ እኛ ነን?» አለኝ። ለምን ይሸጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄው ልቤን ነካው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ብዙ ተሠርተዋል፤ ነጭ ልጆች እየተጫወቱ ንቀትን ይማሩባቸው ነበር። ፈላጊ ስላላቸው ዛሬም ፎርጅዳቸው በብዛት ይሸጣል። ሚሺጋን፣ ቢግ ራፒድስ በሚገኘው ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጂም ክሮው ሙዚየም እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ሰብስቦ ዘረኝነትን ያስተምርባቸዋል። ቦታቸው እዚያ ነው፤ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አይደለም። ለልጅዎም «እኛ አይደለንም፤ ሠሪዎቹ እኛን እንዲህ ማየት ፈልገው ነው» ይበሉት።