ታንኩን የሚያስኬደው ጀሪካን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ በረሃ፣ ስለ ታንክና ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው የተቀመጥሁት። ዕቃው በጓሯችን ከውሃ በርሜሉ አጠገብ የሚቀመጥ የብረት ጀሪካን ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያገኘውን ዕቃ ይሞላል፤ ቢጫዎቹ የዘይት ጀሪካኖች ከሞሉ በኋላ የመጨረሻው ተራ የእርሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ የምሠራው ስላጣሁ፣ በስልኬ መብራት ጀሪካኑን አገላብጬ ማየት ጀመርሁ። በሁለቱም ጎኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚያቋርጥ የመስቀለኛ ቅርጽ ታትሞበታል፤ ከላይ አንድ ሳይሆን ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት እጀታዎች አሉት፤ ክዳኑ በማዞር ሳይሆን ተጭነው የሚቆልፉት ዓይነት ነው፤ በአንደኛው ጎኑ ደግሞ ግማሹ የረገፈ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ «ው» የሚል ፊደል ይታያል።

ጀሪካኑን ወደ ቤታችን ያመጡት የእናቴ ወንድም ናቸው። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ግንባር የነዳጅ ቦቴ ያሽከረክሩ ነበር። ልጆች ሳለን የካቲት 26 ደርሶ የካራማራ ድል ሲታወስ፣ ከበናቸው ተቀምጠን «ጋሼ፣ እስቲ ስለ ታንኩ ይንገሩን» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከታንኩ ይልቅ የሚቀናቸው ስለ ነዳጁ ማውራት ነበር። ሠራዊቱ ቀድሞ የታጠቃቸው ኤም 41 እና ኤም 47 የተባሉት አሜሪካ ሠራሽ ታንኮች የሚጠጡት ቤንዚን ነው፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ቲ 55 ታንኮች ደግሞ የሚሄዱት በናፍጣ ነው። አገሪቱ ወዳጅ ስትለውጥ ነዳጁም አብሮ ተለወጠ፤ የዚያ ለውጥ ጣጣ የወረደው ደግሞ በእነ ጋሼ ላይ ነበር፤ መብራት ማብራት በተከለከለበት ሜዳ፣ የትኛው ዕቃ ምን እንደ ያዘ በማሽተት ሁሉ መለየት ነበረባቸው። ስለዚህ በጀሪካኖቹ ላይ በነጭ ቀለም «ቤ»፣ «ና» እና «ው» እያሉ ይጽፉባቸው ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መስማት የምፈልገው መድፍ ሲያጓራ ስለ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አጎቴ የጦርነት ወሬ የማይችሉበት ሰው ይመስሉኝ ነበር።

የነገሩኝ ነገር የገባኝ አድጌ ስለ ሰሜን አፍሪካው የበረሃ ጦርነት ማንበብ ስጀምር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1943 ድረስ፣ እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ከጣሊያኖችና ከጀርመኖች ጋር በግብፅ፣ በሊቢያና በቱኒዚያ በረሃ ሲመላለሱ ኖረዋል። እኛ ዛሬ ለዘይትም፣ ለጠላም፣ ለውሃም የምንጠቀምበት «ጀሪካን» የሚለው ቃል የወጣው ከዚያ ጦርነት ነው፤ የእንግሊዝ ወታደር ጀርመኑን በቅጽል «ጄሪ» ይለው ስለ ነበር፣ ከጀርመን የማረከውንም የነዳጅ ዕቃ «የጄሪ ቆርቆሮ» አለው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ፣ አንዲት የሰፈራችን ሴት ከቦኖ ውሃ ተሸክማ ስታልፍ በጀርባዋ ያለውን ዕቃ ቆሜ ማየቴ ትዝ ይለኛል።

ከሊቢያ ተነሥቶ ወደ ግብፅ በመጀመሪያ የገባው ጦር አዛዥ ስሙ ለእኛ እንግዳ ያልሆነው ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር፤ አዎን፣ የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 ድንበሩን ተሻግሮ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሲዲ ባራኒ በተባለ ስፍራ ሰፈረ፤ መንገድ እስኪሠራለትና የውሃ ቧንቧ እስኪዘረጋለት ድረስም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ጦሩ ይዟቸው ከነበሩት ብረት ለበሶች መካከል ኤል 3 የተባሉት፣ ሁለት ሰው የሚይዙና ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ ትንንሽ ታንኮች ይገኙበታል። እነዚህን ታንኮች የእኛ ሰው ቀድሞ ያውቃቸዋል፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የልዑል ራስ እምሩ ጦር የተጋፈጣቸው እነርሱው ናቸው። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ስለሚተኩስ፣ ከጎንና ከኋላ የመጣባቸውን እግረኛ የሚመልሱበት ነገር አልነበራቸውም። በበረሃው ደግሞ የጠበቃቸው የእንግሊዙ ማቲልዳ ታንክ ነበር፤ የፊቱ ብረት እስከ 78 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር የጣሊያን ፀረ ታንክ ጥይት እየነጠረ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1940 የተጀመረው የእንግሊዞች መልሶ ማጥቃት እስከ የካቲት ሲዘልቅ፣ በቁጥር እጅግ ያነሰው ወገን 130 ሺህ የሚጠጋ ምርኮኛ ሰበሰበ።

በነገራችን ላይ፣ ሲዲ ባራኒ ላይ ከእንግሊዞች ጎን የተዋጋው አራተኛው የህንድ ክፍለ ጦር ድሉ ገና ትኩስ ሳለ ከበረሃው ተነሥቶ ወደ ሱዳን ተላከ፤ ከዚያም ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ተናነቀ። ከረን ከወደቀች ከአምስት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የእኛ ነፃነት ታሪክ ከዚያ የበረሃ ታሪክ ጋር የተያያዘበት አንዱ ክር ይህ ነው፤ በትምህርት ቤት ሳለሁ ግን ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጣሊያን ሲንኮታኮት በእ.ኤ.አ. 1941 መጀመሪያ ኤርዊን ሮሜል የተባለው የጀርመን ጄኔራል ትሪፖሊ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ብልህ አዛዦች የቼዝ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ካርታውን ዘርግቼ ርቀቱን ስለካ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ከትሪፖሊ ወደብ እስከ ግብፁ ኤል አላሜን ድረስ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኤል አላሜን እስከ እስክንድርያ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሸናፊው ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ከወደቡ ይርቃል፤ በራቀ ቁጥር ነዳጁን የሚያመጡለት ካሚዮኖች ራሳቸው መንገድ ላይ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ይበዛል። የሸሸው ደግሞ በሸሸ ቁጥር ወደ ጓዳው ይቀርባል፤ ትንፋሹም ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ በረሃ ማሸነፍ ራሱ የሚያደክም ነገር ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ መንገድ ላይ እንደ ዥዋዥዌ የተመላለሱበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

እስቲ በጀሪካን እንቁጠረው። የጀርመኑ ፓንዘር 3 ታንክ 320 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይይዛል፤ ይህ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አሥራ ስድስት መሆኑ ነው። በዚያ ነዳጅ በደህና መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአሸዋ ላይ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መቶ ታንኮች አንድ ጊዜ ብቻ ጠጥተው እንዲነሡ 1,600 ጀሪካን በሰው ክንድ ተነሥቶ፣ ተዘንብሎ፣ ተገልብጦ ወደ ጫኚው መኪና መመለስ አለበት። ከአዋጊዎቹ በስተኋላ ይህን የሚያደርገውን ወታደር ስም ማንም አያውቀውም፤ እጁ ግን የተላጠ፣ ልብሱም ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት መሆኑን ከአጎቴ ወሬ ተነሥቼ መገመት አያቅተኝም።

አሁን ያን ሌሊት ያገላበጥሁትን ዕቃ እንደገና ላሳያችሁ። ጀርመኖች ይህን ጀሪካን የነደፉት ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጹ የተቀመጠበት ምክንያት አለው። በጎኑ ያለው መስቀለኛ ቅርጽ ብረቱን ያጠነክራል፤ ፈሳሹ በሙቀት ሲነፋም መለጠጫ ይሰጠዋል። ሦስቱ እጀታዎች የተሠሩት አንድ ሰው ብቻውን በመካከለኛው፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ በዳርና በዳሩ ይዘው እንዲሸከሙት ነው፤ ባዶውን ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ገጥሞ በአንድ እጅ ማንጠልጠል ይቻላል። ከውስጥ የተተወለት የአየር ክፍተት ቤንዚን ሞልቶም በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። ለውሃ የተመደበው ጀሪካን ደግሞ በነዳጅ እንዳይመረዝ ነጭ መስቀል ይቀባበት ነበር፤ ይህን ያነበብሁ ዕለት የአጎቴ «ው» ወዲያው ታወሰችኝ።

እንግሊዞች በአንጻሩ ነዳጃቸውን የሚያጓጉዙት በስስ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ አራት ጋሎን፣ ማለትም 18 ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ስለ ሆነም ለመሥራት ርካሽ ነው። በጠጠራማው በረሃ በካሚዮን ላይ ሲንገጫገጭ ግን መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ ነዳጁ በጭነቱ ወለል ላይ ይንጠፈጠፋል፤ ከመፍሰሱም አልፎ እሳት ያስነሣል። የጦሩ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ክሎድ ኦኪንሌክ ከማከማቻው እስከ ተጠቃሚው ባለው መንገድ 30 በመቶ ያህሉ ነዳጅ እንደሚባክን ገምተው ነበር። ይህ ነዳጅ እዚያ ድረስ የመጣው በስንት ድካም እንደ ሆነ ስታስቡት ነገሩ ያናድዳል። የእንግሊዝ ወታደር ጀሪካን ሲማርክ ሽጉጥ የማረከ ያህል የሚደሰተው ለዚህ ነበር፤ በኋላም እንግሊዝና አሜሪካ ዕቃውን እንዳለ ገልብጠው በሚሊዮን የሚቆጠር አመረቱ። ያ ስስ ጣሳም ቢሆን ጨርሶ ከንቱ አልነበረም፤ ወታደሮቹ ለሁለት ቆርጠው አሸዋ ይሞሉታል፤ ቤንዚን ያርከፈክፉበትና ይለኩሱታል፤ ከላዩም ሻይ ያፈላሉ።

የበረሃውን ኑሮ ሳነብ ከጥይቱ በላይ የከበደኝ የውሃው ነገር ነው። ለአንድ ወታደር በቀን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አንድ ጋሎን፣ 4 ሊትር ተኩል ያህል ነበር፤ እርሱም ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለመታጠቢያና ለመኪናው ራዲያተር ጭምር ነው። ፊት የታጠቡበት ውሃ ተጠራቅሞ ለራዲያተር ይውል ነበር። ከዚያ በላይ አሸዋው አለ፤ እንደ ዱቄት የላመው አቧራ በአየር ማጣሪያው አልፎ ሞተሩን ይበላዋል። ክሩሴደር የተባለው ፈጣን የእንግሊዝ ታንክ በዚህ የተነሣ የውሃ ፓምፑ ዘወትር እየተበላሸ ስሙ ጠፍቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሐሩሩ አድማሱን ስለሚያርገበግበው፣ ሩቅ የሚታየው ታንክ ይሁን ግመል መለየት፣ ርቀቱንም መገመት ያስቸግር ነበር።

መቋጫው የሆነው ኤል አላሜን ነው። እዚያ በስተሰሜን ባሕሩ፣ በስተደቡብ ደግሞ ታንክ የማይገባበት የቃታራ ረባዳ መሬት ስላለ፣ በበረሃው ሌላ ቦታ የተለመደው ከጎን ዞሮ መምታት አይሠራም። ሮሜል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 መጨረሻ እዚያው አጠገብ አላም ሐልፋ ላይ ያደረገው የመጨረሻ ሙከራ፣ ቃል የተገባለት ነዳጅ ሳይደርስ ከሸፈ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ፈንጂ ቀብሮ መጠበቅ ያዘ። በእንግሊዝ በኩል ጄኔራል ሞንትጎመሪ አንድ ሺህ ያህል ታንክ አሰለፉ፤ ታንኮቹን ካሚዮን በሚመስል የሸራ ሽፋን ደበቋቸው። ጥቃቱ ከደቡብ የሚመጣ እንዲመስልም ወደዚያው የሚዘረጋ የሐሰት የውሃ ቧንቧ አስዘረጉ፤ ቧንቧ መስሎ ከአየር የታየው ባዶ የነዳጅ ጣሳ ነበር። ጠላት የቧንቧውን ፍጥነት አይቶ ጥቃቱ ገና እንደሚቆይ እንዲገምት ነው። ይህ ዘዴ ከሁሉ በላይ ያስገርመኛል፤ ሁለቱም ወገን በረሃ ላይ ጦር የሚሄደው ውሃው በሚሄድበት መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር፣ ሐሰቱም የተሠራው በዚያው እውነት ላይ ነው።

ውጊያው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1942 በሌሊት ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን ለሮሜል ነዳጅ የጫነችው ፕሮሰርፒና የተባለች መርከብ በሊቢያው ወደብ በቶብሩክ አጠገብ በአየር ተመታች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሉዊዚያኖ የተባለችውም ሰጠመች፤ ኅዳር 4 ቀን ሮሜል ማፈግፈግ ጀመረ። የተቀበሩት ፈንጂዎች ግን አላፈገፈጉም፤ ከጦርነቱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ግመል የሚጠብቁ የበደዊን ልጆችን እግር ሲቆርጡ ኖረዋል።

አጎቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳለ፣ ስለ ኤል አላሜን ያነበብሁትን ስነግራቸው በጸጥታ ሰሙኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባዶውን ጀሪካን ማን ነበር የሚመልሰው?» አሉኝ። እኔ ስለ ታንኮቹ ቁጥር ነበር የተዘጋጀሁት፤ መልስ አጣሁ። እርሳቸው ግን፣ ታንከኛው ከሞላ በኋላ ባዶውን ዕቃ ወርውሮ እንደሚሄድ፣ እነርሱ በማግሥቱ በዚያ እሾህ መካከል እየዞሩ እንደሚለቅሙ፣ ካልለቀሙ የሚቀጥለው ጉዞ እንደማይኖር አስረዱኝ፤ ይህቺኛዋንም ያገኟት እንደዚያ ሲለቅሙ ነበር።

ያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሞላ። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ቆይቷል፤ በፌስታል ጠቅልዬ ቆለፍሁትና መካከለኛውን እጀታ ይዤ ወደ በርሜሉ ወሰድሁት።