ተዘግቶ የመቆየት ፈተና

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን የማወራችሁ መድኃኒትን በውስጣቸው ይዘው፣ የተወሰነ ምልክት ሲያገኙ ስለሚለቁ የፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች) ናኖካፕሱሎች ነው።

ናኖካፕሱል በስስ የፖሊመር ግድግዳ የታጠረ፣ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ናኖሜትር የማያልፍ ባዶ ወይም ፈሳሽ የያዘ እንክብል ነው። በ1998 በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸውን ፖሊመሮች በጥቃቅን ቅንጣቶች ላይ እያፈራረቁ ካለበሱ በኋላ፣ ውስጡን ቅንጣት አሟሙተው በማስወጣት ግድግዳውን ብቻ አስቀሩ። ሻጋታው ጠፍቶ ቅርጹ የሚቀርበት ይህ አሠራር ዛሬም ያስደንቀኛል።

ከዚህ ሙያ ጋር ስተዋወቅ ቀልቤን የሳበው አከፋፈቱ ነበር። በአሲድ የሚያብጥ፣ በብርሃን ቅርጹን የሚቀይር፣ በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውኃውን ተፍቶ የሚኮማተር ፖሊመር መኖሩን ሳውቅ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ከካፕሱሉ የወጣውን መድኃኒት መጠን የሚያሳይ የምርምር ግራፍ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ምልክቱ ከመጣ በኋላ ሽቅብ በሚወጣው መስመር ላይ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ባለው ጠፍጣፋ መስመር ላይ ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች ውኃ በጠጣ ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያሉ ሾልከው ይወጣሉ፤ መፍሰሱን ለመግታት ግድግዳውን ብናወፍረው ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አልከፈት ይላል።

ለዚህ እጅግ የምወደው መፍትሔ የፖሊመር ሰንሰለቶችን በዳይሰልፋይድ ትስስር (ሁለት የሰልፈር አተሞች በሚፈጥሩት ማያያዣ) እርስ በርስ መቆለፍ ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳውን የሚያጠብቀው ትስስር ራሱ የሚከፈትበትም ቦታ ይሆናል። ትስስሩን የሚበጥሰው፣ ግሉታታዮን የተባለው በሰውነት ውስጥ የሚገኝ ሞለኪውል፣ በሕዋስ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ) ሲደርስ፣ በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግን በማይክሮሞላር (በሚሊሞላር አንድ ሺህኛ) የሚቆጠር በመሆኑ ልዩነቱ ወደ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ አንጻር የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4፣ የብዙ የካንሰር ዕጢዎች አካባቢ ደግሞ ከ6.5 እስከ 7 ገደማ መሆኑ፣ በአሲድ የሚከፈት ካፕሱል ተሳስቶ እንዳይከፈት የሚሰጠው ዋስትና ጠባብ ይመስለኛል።

ሆኖም አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ቅኝት እንዳሳየው፣ ከተወጋው የናኖ ቅንጣት መጠን ወደ ዕጢ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ከቀሪው ብዙው በጉበትና በጣፊያ ይያዛል፤ ጉበት ደግሞ ግሉታታዮን በብዛት ከሚገኝባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ሳይፈስ የቆየው ካፕሱል፣ ለዕጢው ባዘጋጀንለት ቁልፍ ጉበት ውስጥ ሊከፈት ይችላል።