ሠላሳ መክሊት ወርቅ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

በሩ ላይ የተለጠፈው ርዕስ «መጽሐፍ ቅዱስ፦ ተረት ወይስ ታሪክ?» ይላል። አዘጋጆቹ እኔን «ታሪክ ነው» ከሚለው ወገን መድበውኛል። እሺ ብዬ መጣሁ፤ ግን ጥያቄው ላይ ቅሬታ አለኝ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መዝሙር አለ፣ ሕግ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ የነገሥታት ዜና አለ። ደጉ ሳምራዊ ሲነበብ «ሰውዬው የተደበደበው በስንት ዓመተ ዓለም ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ስለዚህ በጅምላ አልከራከርም። አንድ ታሪክ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይሁዳን ወረረ። የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ «በድያለሁ» ብሎ ላከበት። 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጣለበት፤ መክሊት የጥንት የክብደት መለኪያ ነው። ለመክፈል የቤተ መቅደሱን ደጆች ወርቅ ሳይቀር ገፈፈ። ልብ በሉ፣ ይሄ የመጽሐፉ ደግ ንጉሥ ነው። ጸሐፊው ሊያሳምረው ቢፈልግ ኖሮ ይህችን ይዘላት ነበር።

አሁን ወደ ጠላት ቤት እንሂድ። ሰናክሬም ዘመቻውን ስድስት ጎን ባለው ሸክላ ላይ አጽፏል። ሸክላው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ ሕዝቅያስንም ኢየሩሳሌም ውስጥ እንደ ወፍ ዘጋሁበት ይላል። ከዚያ የገበረለትን ይቆጥራል፦ 30 መክሊት ወርቅ። ቁጥሩ አንድ ነው! ብሩ ላይ ሲደርስ ግን 800 ይላል። ምክንያቱ ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የእኔ ግምት ቀላል ነው፤ ከፋይ ያሳንሳል፣ ተቀባይ ያገናል። መርካቶ የዋለ ሰው አይገርመውም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሸክላው ያላለው ነው። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ አይልም። ነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸውም ለኪሶ የምትባለውን ሌላ የይሁዳ ከተማ ነው። ቅርጹን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የለኪሶ ሰው ዕቃውን በበሬ ጋሪ ጭኖ ከከተማው ይወጣል፤ ከጭነቱ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተቀምጠዋል። ዋና ከተማዋን ቢይዝማ ግድግዳው ላይ የምትቀረጸው እሷ ነበረች።

ኢየሩሳሌም ልሳለም የሄድኩ ጊዜ የሕዝቅያስ ዋሻ ውስጥ ገብቼ ነበር። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም 533 ሜትር ነው። ውሃው ጉልበቴ ይደርሳል፣ መብራቴ የእጅ ስልኬ ናት፣ ትከሻዬን ግራና ቀኝ ድንጋይ ይፍቀኛል። መሃል ላይ ዋሻው መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የመፈልፈያው ጭረትም ፊቱን ያዞራል። ከሁለት ጫፍ የጀመሩት ቆፋሪዎች የተገናኙት እዚያ ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. የተገኘው ጽሑፍ «ሦስት ክንድ ሲቀር አንዱ ሌላውን ሲጣራ ተሰማ» ይላል። ሕዝቅያስ የሚል ስም የለበትም። የንጉሥ ስም ጭራሽ የለበትም። ሰዎቹ የጻፉት ስለ ራሳቸው ድካም ነው። ውሃውን ወደ ከተማ ያስገባው ሕዝቅያስ ነው የሚለው መጽሐፉ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ምዕራፍ 19 ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ይመጣል። የኩሽ ንጉሥ ነው፤ ፒራሚዱ ዛሬም ሰሜን ሱዳን፣ ኑሪ አለ። ተቃዋሚዎች «በ701 ገና አልነገሠም፤ የነገሠው በ690 ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኛስ «ጃንሆይ የተወለዱት ኤጀርሳ ጎሮ ነው» እንል የለ? ሲወለዱ እኮ ጃንሆይ አልነበሩም።

በአንድ ሌሊት ሞቱ ለተባሉት 185,000 አሦራውያን የማሳያችሁ ሸክላም ድንጋይም የለኝም። አምነዋለሁ፤ ማስረጃ ብዬ ግን አላቀርበውም። ኢያሪኮንም እኔው ላንሳት። የከርሰ ምድር ጥናት ባለሙያዋ ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትቆፍር፣ የከተማዋ ግንብ የወደቀው ኢያሱ መጣ ከሚባልበት ዘመን ቀደም ብሎ ነው አለች። ለእኔ ወገን የማይመች ግኝት ነው። ስለዚህ ተራው የደረሰው ወገን ከፈለገ ከዚያው ይጀምር። ወንበሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አመሰግናለሁ።